ለወፍራም ሳንቃ የተገዛው መላጊያ

ጥሩነሽ ባሏ ባላምባራስ ሸዋንግዛው ከሞተ ወዲህ መቱ ላይ ጠጅ እየጣለች ትተዳደር ነበር። ጠጇ ስም የወጣለት ስለ ነበር ወደ ጎሬ የሚወጡ ነጋዴዎችም፣ ከኖፓ ማር ይዘው የሚመጡ ገበሬዎችም ግቢዋን ሳይረግጡ አያልፉም። ማሯን የምታኖርበት ጓዳ ግን በሩ ከቀርከሃ የተሠራ ነበር። አንድ እሑድ እሷ ቅዳሴ ላይ ሳለች ሌባ ቀርከሃውን ፈልቅቆ ገብቶ ለዓመት ያሰበችውን ማር ከነገንቦው ጠራርጎ ወሰደባት። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከጓዳው እስከ አጥሩ ቀዳዳ የፈሰሰውን ማር ተከትሎ የተሰለፈ ጉንዳን አገኘች እንጂ ሌላ ምንም አላገኘችም።

ጎረቤቶቿ ሊያጽናኗት ሲመጡ እንባ ያላት አልመሰለም።

«የሄደው ሄዷል» አለች። «ከእንግዲህ ግን በር የሚባል በር ይኖረኛል።»

እንጨቱ በእጇ ነበር። ከጓሮዋ ትልቅ ዋንዛ በነፋስ ወድቆባት፣ መጋዝ ጎታቾች አራት ጣት ውፍረት ባለው ሳንቃ ሰንጥቀውላት፣ ከጣራ ሥር ተደራርቦ ደርቋል። የጠፋው የሚሠራው ሰው ነበርና አናጢ አምባዬን አስጠራችው።

አምባዬ ጎሬ የተወለደ፣ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነበር። አባቱ ከመርሐ ቤቴ ከጦር ጋር የመጣ ወታደር ሲሆን እሱ ግን ጠመንጃ ሳይወድ መጋዝ ይዞ ቀረ። ሚስቱን የኅዳር በሽታ ከወሰደበት በኋላ መቱ ወርዶ ብቻውን ይኖራል። ሲናገር ቃል የሚሸጥ ይመስል ይቆጥባል፤ ስለ እንጨት የተነሣ እንደ ሆነ ግን ይለቀዋል። ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ፣ እያንኳኳ፣ ጆሮውን እያስጠጋ ሰማቸው።

«በምስማር አንሠራውም፣ እትዬ» አላት። «ምስማር ይዝጋል፤ ሌባም ይነቅለዋል። ሳንቃዎቹን ጎን ለጎን አቆምና ከጀርባቸው ሁለት አግዳሚ እንጨት አስገባለሁ። አግዳሚው የሚገባበት ቦይ ከሳንቃ ሳንቃ እየተሻገረ ይቆፈራል። አንዴ ከገባ ዝሆንም አይገነጥለው።»

«እንግዲያማ ምን ትጠብቃለህ? ጀምራ!»

ጀመረ። የቦዩን ሁለት ጎን በመጋዝ ቆርጦ መሐሉን በመሮ ይፈለፍል ገባ። ጎኖቹ ቀጥ ብለው ወጡ። ታቹ ግን አንዱ ሳንቃ ላይ ጠለቅ፣ ሌላው ላይ ከፍ፣ ሌላው ላይ ጉድጓዳ ጉድጓድ ሆነ። አግዳሚውን ሲያስገባው እመሐል ደርሶ ተቀረቀረ። በመዶሻ ገፋ ቢያደርገው አንዱ ሳንቃ ከጫፉ ተሰነጠቀ።

ጥሩነሽ ድምፁን ሰምታ ከማጀት ወጣች። አምባዬ መሮውን እያገላበጠ ያየዋል።

«የሳንቃው ውፍረት ነው» አላት ሳታናግረው። «ቀጭን ቢሆን በመሮም እወጣው ነበር። ሁለት ጣት ጠልቄ፣ ይህን ሁሉ ሳንቃ ተሻግሬ፣ ታቹን እኩል ማድረግ በእጅ ግምት አልሆነልኝም። ለዚህ የተሠራ ዕቃ አለ። ጎሬ የፈረንጆቹ ቤት ሲሠራ አንድ የሱዳን አናጢ ይዞት አይቻለሁ።»

«ምን ይባላል?»

«ስሙን አልጠየቅሁም። መላጊያ ነው፤ ግን ከሆዱ ወደ ታች የወጣች አንዲት ጥርስ አለችው። ሆዱ ከላይ በሳንቃው ፊት ላይ ይንሸራተታል፤ ጥርሷ ከታች ቦዩን እየፋቀች ትሄዳለች። ከተለካላት በላይ አትጠልቅም፣ ከተለካላትም አታንስም።»

«ታዲያ ለምን አልገዛኸውም?»

አምባዬ ፈገግ አለ። «ከየት አምጥቼ፣ እትዬ?»

ጥሩነሽ ጥቂት አሰበች። ሌባው ማሩን ከወሰደባት በኋላ ብዙ አልተረፋትም፤ ግን በሩ ሳይሠራ አዲስ ማር መግዛት ሌባን መቀለብ ነው።

«እኔ እገዛዋለሁ» አለች። «ርካሹን ነው የምንገዛው፤ አስቀድሜ ልንገርህ። ከሥራው ዋጋ ይታሰባል፣ ዕቃው ላንተ ይቀራል። ግን እኔም አብሬ እሄዳለሁ። በገንዘቤ የሚገዛውን በዓይኔ ሳላይ አልከፍልም።»

ቡና ጭነው ወደ ጎሬ ከሚወጡ ነጋዴዎች ጋር ተነሡ። እሷ በበቅሎ፣ እሱ በእግሩ። በበቅሎዋ ኮርቻ ላይ ከተሰነጠቀው ሳንቃ የተቆረጠ ጉማጅ እንጨት አስራ ነበርና ነጋዴዎቹ «እትዬ፣ ማገዶ ጎሬ የለም ብለው ነው?» እያሉ ሳቁባት። እሷም «የሚቀምስ ጥርስ ፍለጋ ነው የምወስደው» አለቻቸው። መንገዱ በጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፤ ጭቃው የበቅሎውን ጉልበት ይውጣል። አምባዬ ዛፎቹን እያየ ስማቸውን ይጠራላታል፤ ይኼ ቀረሮ ነው፣ ይኼ ቢርቢርሳ ነው፣ ይኼ ለመሠረት እንጂ ለበር አይሆንም እያለ። ባላምባራስ በሕይወት ሳለ ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ አልፋበታለች፤ ዛፎቹን ግን ያን ቀን ያየቻቸው መሰላት።

ጎሬ ላይ ሙሴ ኒቆላ የሚባል የግሪክ ነጋዴ ሱቅ ነበረው። ዕቃው በክረምት በጋምቤላ በመርከብ ይመጣለታል። አማርኛውን ከኦሮምኛ ጋር እየቀላቀለ ያቀላጥፈዋል። አምባዬ የሚፈልገውን በእጁ እየሣለ ሲያስረዳው ሳቀና ከመደርደሪያው ሁለት ዕቃ አወረደ።

አንደኛው ከብረት የተሠራ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግራና ቀኙ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ጥርሱ በጥምዝ ብሎን የሚወርድና የሚወጣ ነው። ሁለተኛው አንድ ጉርድ እንጨት ሆኖ መሐሉ ተበስቶ ረጅም ጥርስ ተሰክቶበት፣ ጥርሱን የያዘው አንድ ሽብልቅ ብቻ ነው። እንጨቱ ደርቆ ነጥቷል፤ ጥግ ጥጉን ብል በልቶታል።

አምባዬ የብረቱን አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘው፤ ሕፃን የተቀበለ ይመስል ነበር።

«ዋጋው?» አለች ጥሩነሽ።

ሙሴ ኒቆላ ነገራት። የእንጨቱ የብረቱን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ጥሩነሽ መቀነቷን ነካ አደረገች። የብረቱን ለመግዛት ቢተባበሩ እንኳ ለማር የሚተርፍ አይኖርም። አምባዬ ይህን አይቶ ዕቃውን ወደ ጠረጴዛው ሊመልሰው ሲል እጁን ያዘችው።

«አትመልሰው። ሁለቱም ይቀምሱ» ብላ ጉማጁን እንጨት ከበር አስመጣች።

አምባዬ በመጋዝና በመሮ ቦይ አውጥቶ መጀመሪያ የብረቱን አሳረፈበት። ፍቅፋቂው እንደ ሐር ተጠቅልሎ ወጣ። ሙሴ ኒቆላ እጁን አጨበጨበ። አምባዬ ብሎኑን እያጠበቀ ዝቅ አደረገው፤ ደግሞ ፋቀ፤ ደግሞ ዝቅ አደረገው። ከዚያ ብሎኑ አልዞር አለ። ጥርሱ የሚወርደው እስከዚያ ብቻ ነበር። የቦዩ ጥልቀት ገና አንድ ጣት ነው።

«ከዚህ በኋላስ?» አለች ጥሩነሽ።

ሙሴ ኒቆላ ትከሻውን ነቀነቀ። «ይህ ለወንበር ነው፣ ለሣጥን ነው፣ ለቀጭን እንጨት ነው። ረጅም ጥርስ ካስፈለገ ከካርቱም አስመጣለሁ፤ ለከርሞ ክረምት።»

«እስከ ከርሞ ሌባው የቀረኝን ይጨርሰዋል።»

የእንጨቱ ተራ ደረሰ። መልኩ ባያምርም ጥርሱ እየፋቀ ሁለት ጣት ሙሉ ወረደ። ፍቆ ሲያወጣው ፍቅፋቂው ወፍራምና ሸካራ ቢሆንም ታቹ ተስተካክሏል። አንድ ጊዜ ብቻ ሽብልቁ ላላ አለና አምባዬ በመዶሻ መታ አድርጎ አጠበቀው።

ዓይኑ ወደ ብረቱ ሄዶ ተመለሰ።

«ለኛ ሳንቃ የሚሆነው ይኼ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሽብልቁ አላማረኝም፤ ግን ሽብልቅ መቀየር ይቻላል። ያኛውን ጥርስ ማስረዘም አይቻልም።»

የእንጨቱን ገዙ። ሲመለሱ አምባዬ ሲሄዱ እንዳወራው አላወራም። ጥሩነሽም ልቡ የት እንደ ቀረ አወቀች።

መቱ እንደ ደረሱ በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። የመጀመሪያው ሳንቃ ደህና ሄደ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ዝናብ መጣና ሥራው ከጣራ ሥር ገባ። አምባዬ ሽብልቁን አጥብቆ ሲገፋ፣ እርጥበት የጠጣው አሮጌ እንጨት ጥርሱን ለቀቀው። ጥርሱ ወደ ታች ተምዘግዝጎ ሳንቃውን በረቀሰው። አምባዬ ሊያቆመው ቢሞክርም በገፋበት ኃይል ቦዩን እስከ ዳር ቀደደው።

ጥሩነሽ ከደጃፉ ቆማ ታይ ነበር። ማልቀስ ያልቻለችበት የማሩ ነገርም፣ የመንገዱም ድካም፣ የገንዘቡም ሐሳብ አንድ ላይ መጣባት።

«ልብህን ጎሬ ጥለኸው እጅህን ብቻ ይዘህ መጣህ!» አለችው። «ከመጀመሪያውም ያን የሚያብረቀርቀውን እያሰብክ ነው የምትሠራው።»

አምባዬ ቀና ብሎ አያት። መሮውን፣ መጋዙን፣ መዶሻውን በከረጢቱ ከተተ። የእንጨቱን መላጊያ ብብቱ ሥር ይዞ በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

ያን ቀን ጠጅ ቤቷ ሞቅ ብሎ ነበር፤ እሷ ግን የምትቀዳውን ትረሳ፣ ለአንዱ የታዘዘውን ለሌላው ትሰጥ ነበር። በማግስቱ ሳንቃውን አገላብጣ አየችው። ቁጣዋ እንደ በረደ ነገሩን በልቡና ተመለከተችው፤ ሰውዬው አልተሳሳተም። ጥርሱን ደህና አድርጎ የያዘው ነገር አልነበረም። እሷም ጠጅ በምትጥልበት በርሜል ይህን ታውቀዋለች፤ እንጨት ብቻውን ከዝናብ ወደ ፀሐይ ሲመላለስ ይላላል። በርሜሉን በርሜል የሚያደርገው የታሠረበት የብረት ቀለበት ነው።

ነጠላዋን ለብሳ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ወደ ኦቦ ገለታ ዘንድ ወረደች። ኦቦ ገለታ ማጭድና ዶማ የሚሠራላቸው ገበሬዎች ከዳሪሙ ድረስ የሚመጡለት ሽማግሌ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ?» አላት ወናፉን ትቶ።

ሰላምታውን በኦሮምኛ መለሰችለትና ያሰበችውን አስረዳችው፤ ጥርሱን ከእንጨቱ ጋር ጨምቆ የሚይዝ ቀለበት። ኦቦ ገለታ ሰምቷት ሲያበቃ ሳቀ።

«አምባዬ ዛሬ ጧት እዚህ ነበር» አላት። «ከኔ የወይራ ጉርድ ለምኖ ወሰደ። ያንን የፈረንጅ እንጨት ጥሎ በወይራ እንደ ገና እየሠራው ነው። ስለ ሲቢላ፣ ስለ ብረት ግን አላነሣም። ኑ፣ አብረን እንሂድ።»

አምባዬ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ወይራውን ሲጠርብ ደረሱበት። ጥሩነሽን ሲያይ ብድግ አለ። እሷም ቆመች። ኦቦ ገለታ ሁለቱንም አየና «እኔ ልናገርላችሁ ነው ወይስ ራሳችሁ ትናገራላችሁ?» አለ።

«የተናገርኩህ ልክ አልነበረም» አለች ጥሩነሽ።

«ግማሹ ልክ ነበር» አለ አምባዬ። «ያንን ዕቃ አስቤዋለሁ፤ አልዋሽም። ሳንቃውን ግን እሱን ሳስብ አይደለም ያበላሸሁት።»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የማሰሪያው ነው» ብላ ቀለበቱን ነገረችው። አምባዬ ወይራውን አነሣ። ከዚያ ጣቱን በእንጨቱ ወገብ ላይ አዙሮ «እዚህ ጋ» አለ።

ሦስቱም ወደ ቀጥቃጩ ቤት ተመለሱ፤ ኦቦ ገለታ የሠራው የመጀመሪያ ቀለበት ግን ጠበበ። አምባዬ ወይራውን ሊፍቀው ሲል ኦቦ ገለታ «ተው፣ እንጨቱን አታሳንሰው፤ ብረቱ ነው የሚሰፋው» ብሎ ቀለበቱን መልሶ እሳት ውስጥ ከተተው። ጥሩነሽ ወናፉን ትነፋለች፤ አምባዬ ጉጠቱን ይይዛል፤ ሽማግሌው ይቀጠቅጣል። ቀለበቱ እንደ ጋለ በወይራው ላይ ሲያስገቡት ጢስ ቦለል ብሎ ሁሉንም አሳላቸው። ሲቀዘቅዝ ግጥም አለ። አምባዬ ጥርሱን ሰክቶ በመዶሻ መታው፤ አልተንቀሳቀሰም። ደግሞ መታው።

«ጃባ!» አለ ኦቦ ገለታ። «ጠንካራ ነው።»

አምባዬ አዲሱን መላጊያ በጉማጁ እንጨት ላይ ሞከረው። ወይራው ከባድ ስለ ሆነ መግፋት ብቻ እንጂ መጫን አያስፈልገውም ነበር። ፍቅፋቂው ሲወጣ ቀና ብሎ ጥሩነሽን አያት፤ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የታየው ደስታ ሙሴ ኒቆላ ሱቅ ውስጥ ካየችው ይበልጥ ነበር።

አንድ ነገር ቀረ። ሁለት ሳንቃ ስለ ተበላሸ ለበሩ ጎደለ። አምባዬ ከገበያ ዋንዛ ልፈልግ ቢል ጥሬ እንጂ ደረቅ አልተገኘም። ጥሩነሽ ሲያሰላስል ካየችው በኋላ ወደ ጓሮ ወስዳው ከዋርካው ሥር ያለውን ረጅም መቀመጫ አሳየችው። ባላምባራስ ሸዋንግዛው እዚያ ተቀምጦ ሰው ያስታርቅ ነበር። ለሁለት የሚበቃ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ነው፤ በዘመን ብዛት ለስልሷል።

«ይኼን ውሰድ» አለችው።

አምባዬ አፈገፈገ። «እትዬ፣ ይኼንንማ አልነካም።»

«ከሞተ ወዲህ የተቀመጠበት የለም። ዝናብ ብቻ ነው የሚያርፍበት» አለች። የወደቀበትን ቅጠል በእጇ ጠረገች። «በሕይወት ሳለ ቤቱን ጠብቆታል። ይጠብቀው። ውሰደው።»

አምባዬ ሳንቃውን ሲያነሣ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ቦዩን ያወጣበትም ከሌሎቹ ሁሉ በበለጠ ጥንቃቄ፣ ቀስ እያለ ነው። አግዳሚዎቹ የገቡ ዕለት መዶሻ እንኳ ብዙ አልፈለጉም፤ በእጅ ተገፍተው እመሐል ደረሱ፤ ከዚያ በጥቂት ምት ዳር እስከ ዳር ተሸጋገሩ። በሩን ለማቆም አራት ጎልማሳ ከጠጅ ቤቱ ተጠራ። ሲዘጋ ድም ብሎ የሚዘጋ፣ ቀዳዳ የሌለው በር ሆነ። ከጠጪዎቹ አንዱ በትከሻው ቢገፋው ራሱ ወደ ኋላ ተንገዳገደ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወሬው ቶሎ ሄደ። ጎሬ ላይ ቡና የሚያከማች አንድ ነጋዴ ለመጋዘኑ እንዲያ ያለ በር ፈለገ። ከኖፓ አንድ ባለርስት ለጎተራው መጣ። አምባዬ የሚሠራበት ቦታ ጠበበውና ጥሩነሽ ከግቢዋ ጥግ ዳስ ጥሎ እንዲሠራ ፈቀደችለት። ጧት ጧት የመላጊያው ድምፅ ሲጀምር እሷ ጌሾ ትወቅጣለች። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ድምፆች ተስማምተው ይሄዳሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ሥላሴ መጥተው ከተቀመጡ በኋላ ብዙ ተቁነጠነጡ።

«ልጄ፣ ከአምባዬ ተልኬ ነው የመጣሁት» አሏት።

ጥሩነሽ በእጇ ጠቆመች። «እዚያው ዳሱ ውስጥ ነው ያለው። እሱ አፍ የለውም?»

«አፍስ አለው፤ ድፍረት ነው ያጣው። የባላምባራስ ሚስት አናጢ አታገባም ብሎ ፈርቷል።»

የባላምባራስ እኅትም ጎሬ ሆና ይህንኑ ብላለች ተብሎ ይወራ ነበር፤ «ከጌታ ቤት ወደ ፍቅፋቂ ክምር!» ብላ። ጥሩነሽ ይህን ሰምታለች። አንዳንድ ጊዜም ራሷ አስባዋለች። የሚያማትን ሰው ሁሉ ማስታረቅ አትችልም፤ የምትችለው የራሷን ልብ ነው፤ እሱ ደግሞ ከታረቀ ቆይቷል።

«አባቴ፣» አለቻቸው «ሰው የሚለኝን ሁሉ ብሰማ እስካሁን በቀርከሃ በር ነበር የምተኛው። ይምጣና ራሱ ይጠይቀኝ።»

አምባዬ ፍቅፋቂውን ከልብሱ እያራገፈ መጣ። የሚናገረውን ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር፤ ፊቷ ሲቆም ግን ጠፋበት።

«ጥሩነሽ» አለ። እትዬ ሳይላት ስሟን የጠራው ያን ቀን ነው።

«እሺ» አለችው። ሌላ አላስጨረሰችውም።

በሰማንያ ተጋቡ። ኦቦ ገለታ ለሠርጉ ያመጣው ስጦታ ለመላጊያው ሁለተኛ ጥርስ ነበር፤ ጠበብ ላለ ቦይ የሚሆን።

ከበጋው መካከል ለአንድ ትልቅ ሥራ እንጨት ሊያዩ ወደ ዳሪሙ ወረዱ። መንገዱ የእግር ብቻ ስለ ሆነ በቅሎዋን ትታ አብራው በእግሯ ሄደች። ባለ ዛፉ ገበሬ ከቡናው መሐል የቆመ ዋንዛ አሳያቸው። «ዋዴሲ ኩን ካን አባ ኮቲ» አለ፤ ይህ ዋንዛ የአባቴ ነው ማለቱ ነው። የሚሸጠው ደርቆ ቡናው ላይ ሳይወድቅበት እንደ ሆነ ነገራቸው። ጥሩነሽ በኦሮምኛ ስትከራከረው አምባዬ ዛፉን ዞረው፤ ቅርፊቱን ዳበሰ፤ ከዚያ ውፍረቱን ሊለካ እጁን ዘርግቶ ግንዱን አቀፈው። አልደረሰለትም።

«እስቲ በዚያ በኩል ያዥልኝ» አላት።

ጥሩነሽ ጫማዋን በሥሩ ላይ አስቀምጣ ከማዶ አቀፈችው። ጉንጯን ቅርፊቱ ላይ አስደግፋ ጣቷን ዘረጋች፤ የሱ ጣት ነካት።

«ደረስኩ» አለች።

ገበሬው ከዳር ቆሞ ሳቀ። «ዋጋው ጨመረ» አለ በኦሮምኛ። እሷም እጇን ከግንዱ ሳታነሣ ትከራከረው ጀመር።